ማነቆውን ከፍርፋሪው ማንበብ፦ የማከማቻ ድንጋይን አሳላፊነት ከቁፋሮ ፍርፋሪ የመገመት መመሪያ

መሰርሰሪያው ከምድር በታች የፈጨው ድንጋይ ከቁፋሮ ጭቃው ጋር ወደ ላይ ይወጣል፣ በሚንቀጠቀጠው ወንፊት ላይ ይጣራል፣ ከዚያም አብዛኛው ተጠርጎ ይጣላል። በየጥቂት ሜትሩ አንድ እፍኝ ይወሰድና የድንጋዩ ዓይነት፣ ቀለሙና የቅንጣቱ መጠን ተመዝግቦ በከረጢት ይታሸጋል። ይህ ድንጋይ ጋዝ ወይም ዘይት ምን ያህል ያሳልፋል የሚለው ዋናው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ለፍርፋሪው አይቀርብለትም፤ ከጉድጓዱ ሳይፈጭ ተቆርጦ ለሚወጣው የድንጋይ ምሰሶ፣ ለኮር ናሙና፣ ወይም ለፍሰት ሙከራ ይቆያል። ኮር ማውጣት ቁፋሮውን የሚያጓትትና ወጪው የከበደ ሥራ በመሆኑ ከአንድ ጉድጓድ የሚወጣው ውስን ሜትር ነው፤ ከብዙ ጉድጓዶችም ጭራሹኑ አይወጣም። ፍርፋሪ ግን ከሁሉም ጉድጓድ ይወጣል። ይህ መመሪያ ያንን እፍኝ ፍርፋሪ ይዘው የማከማቻ ድንጋዩን አሳላፊነት፣ በሙያው አነጋገር ፐርሚያቢሊቲውን፣ እንዴት እንደሚገምቱ ያሳያል።

ከሁሉ በፊት ከፍርፋሪ ምን እንደሚጠብቁ ይወቁ፤ ፍርፋሪ የሚሰጠው ደረጃ እንጂ ትክክለኛ ቁጥር አይደለም። የአሳላፊነት መለኪያው ዳርሲ፣ ሺኛውም ሚሊዳርሲ ይባላል፤ የድንጋዮች አሳላፊነት ከአንድ ሚሊዳርሲ አሥር ሺኛ ተነሥቶ እስከ ብዙ ሺህ ሚሊዳርሲ ይደርሳል፤ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ከአሥር ሚሊዮን እጥፍ በላይ ይራራቃሉ። በእንዲህ ያለ ረጅም መሰላል ላይ አንድ ንብርብር የትኛው እርከን ላይ እንደቆመ ማወቅ፣ ግምቱ በአሥር እጥፍ ወዲህ ወይም ወዲያ ቢስት እንኳ፣ የቱ ንብርብር እንደሚፈተሽና የቱ እንደሚታለፍ ለመወሰን ይበቃል። የምዕራብ ካናዳው የኤልምወርዝ ጋዝ መስክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በአልበርታ ግዛት ጋዝ ያዘለውን ጠባብ የአሸዋ ድንጋይ ቀደምት ጉድጓዶች አልፈውት ሄደው ነበር። ካናዲያን ሀንተር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 መስኩን አገኘ፤ ሮበርት ስናይደርና ባልደረቦቹም በዚያው አካባቢ ፍርፋሪን በማይክሮስኮፕ እያዩ ድንጋዩን በሦስት የሚለዩበትን ዘዴ በ1983 አሳተሙ። አንደኛው ያለ እገዛ ጋዝ የሚሰጥ ድንጋይ ነው፤ ሁለተኛው ስንጥቅ ካለው ወይም በሰው ከተሰነጠቀ የሚሰጥ፤ ሦስተኛው ቢሰነጠቅም የማይሰጥ። ሦስት ደረጃ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ገንዘብ የሚያወጣው ሰው ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

አንዲት ስብርባሪ ስለ ትልቅ ንብርብር መናገር የምትችለው ለምንድን ነው? አሳላፊነትን የሚወስነው ባዶው ቦታ ራሱ ሳይሆን አንዱን ባዶ ቦታ ከሌላው የሚያገናኘው ማነቆ ስለሆነ ነው። ክፍሎቹ ሰፋፊ የሆኑ ቤት በሮቹ ከጠበቡ ሰው በቶሎ አያሳልፍም፤ ድንጋይም እንደዚያው ነው። በአንዲት ቀጭን ቱቦ ውስጥ ስፋቷ በግማሽ ሲቀንስ ፍሰቱ ወደ አሥራ ስድስተኛው ይወርዳል፤ ስለዚህ ማነቆው ላይ የሚደረግ ትንሽ ለውጥ ውጤቱን ከላይ እስከ ታች ይገለብጠዋል። እነዚህ ማነቆዎች ደግሞ እጅግ ጥቃቅን ናቸው። የቅንጣቶቹ ስፋት 0.2 ሚሊሜትር የሆነ የአሸዋ ድንጋይ ቢሰበርና ጎኗ 3 ሚሊሜትር የሆነች ስብርባሪ ብትወጣ፣ በውስጧ ሦስት ሺህ ያህል ቅንጣቶችና ከዚያ የሚበልጡ ማነቆዎች አሉ። ድንጋዩ ቢፈጭም በቅንጣቶች መካከል ያለው ሥርዓት በስብርባሪዋ ውስጥ እንዳለ ይቆያል። የመመሪያው ሁሉ መሠረት ይህ ነው፤ ከዚህ በታች የሚመጡት ማስጠንቀቂያዎችም ይህ መሠረት የማይሠራባቸውን ቦታዎች የሚያመለክቱ ናቸው።

ሥራው የሚጀምረው ከማይክሮስኮፑ ሳይሆን ከሰዓቱ ነው። በእጅዎ ያለው ፍርፋሪ አሁን መሰርሰሪያው ካለበት ጥልቀት የመጣ አይደለም፤ ወደ ላይ ለመውጣት ጊዜ ፈጅቷል። 215.9 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ውስጥ 127 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የቁፋሮ ቧንቧ ቢኖር፣ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በየሜትሩ 24 ሊትር ገደማ ይይዛል። ጥልቀቱ 3,000 ሜትር ከሆነ ክፍተቱ 72 ሜትር ኩብ ያህል ጭቃ አለው፤ ፓምፑ በደቂቃ 2,000 ሊትር የሚገፋ ከሆነ ፍርፋሪው ለመውጣት 36 ደቂቃ ይፈጅበታል። በሰዓት 12 ሜትር እየተቆፈረ ከሆነ መሰርሰሪያው በዚህ ጊዜ ውስጥ ከ7 ሜትር በላይ ወርዷል። የጉድጓዱ ግድግዳ ተቦርቡሮ ስፋቱ በአሥር በመቶ ቢጨምር ደግሞ መውጫው ወደ 47 ደቂቃ ይደርሳል፤ ስሌቱን ያላስተካከለ ሰው ናሙናውን ከሁለት ሜትር በላይ በሳተ ጥልቀት ይመዘግበዋል። ስለዚህ በስሌት ብቻ አይተማመኑ። ቧንቧ በሚቀጠልበት ጊዜ ካልሲየም ካርባይድ በቧንቧው ውስጥ ይጨመርና የሚፈጥረው አሲቲሊን ጋዝ በጋዝ መለኪያው ላይ የሚታይበት ደቂቃ ይያዛል፤ ከዚህ ላይ በቧንቧው ውስጥ ቁልቁል የወረደበት ጊዜ ሲቀነስ እውነተኛው የመውጫ ጊዜ ይገኛል። ማነቆውን በትክክል አንብበው ጥልቀቱን ከሳቱ፣ ጥሩውን ንብርብር ትተው ጎረቤቱን ያስፈትሻሉ።

ናሙና ሲይዙ በመጨረሻው ደቂቃ ከወንፊቱ አፍ ላይ አንድ እፍኝ ዘግኖ መሮጥ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ያ እፍኝ የሚወክለው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሴንቲሜትሮች ብቻ ነው። ከወንፊቱ ሥር ሰሌዳ ወይም ባልዲ አስቀምጠው የ3 ወይም የ5 ሜትሩ ፍርፋሪ ሁሉ እንዲጠራቀም ያድርጉ፤ ከዚያ አደባልቀው ይውሰዱ፤ ሲጨርሱም ሰሌዳውን ያጽዱ። ጭቃው በውኃ የተሠራ ከሆነ በውኃ፣ በዘይት የተሠራ ከሆነ መጀመሪያ በዚያው የመሠረት ዘይት፣ በቀስታ ይጠቡ። አጣጠብ ላይ የሚደርሰው ጥፋት የማይመለስ ነው፦ በኃይል የወረደ ውኃ በቅንጣቶች መካከል ያለውን ሸክላ አጥቦ ስለሚወስደው ጠባብ የነበረው ድንጋይ ክፍት መስሎ ይታያል። ከወንፊት በታች የሚወርደውን ልቅ አሸዋም አይድፉ፤ በኋላ እንደሚታየው ዋነኛው ምስክር እሱ ሊሆን ይችላል። ማድረቁ በዝግታና በአነስተኛ ሙቀት ይሁን። በሰሜን ባሕር የአሸዋ ድንጋዮች ውስጥ ኢላይት የሚባለው ሸክላ እንደ ፀጉር ቀጥኖ በማነቆው ውስጥ ይበቅላል፤ ናሙናው በአየር ሲደርቅ ፀጉሩ ወደ ግድግዳው ስለሚለጠፍ የሚለካው አሳላፊነት ከእውነተኛው እጅግ ከፍ ብሎ ይታያል። እንዲህ ያለ ሸክላ ይኖራል ብለው ከጠረጠሩ ከናሙናው ጥቂቱን ሳይደርቅ ያቆዩት።

ከታጠበው ፍርፋሪ ውስጥ ትልልቆቹን፣ ረዣዥሞቹንና ጎበጥ ያሉትን ስንጥር መሰል ቁርጥራጮች ለይተው ያውጡ፤ እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው ግድግዳ የረገፉ ናቸው። የቀረውን በዓይነት ከፋፍለው ከመቶ ምን ያህሉ አሸዋ ድንጋይ፣ ምን ያህሉ ሼል፣ ምን ያህሉ ልቅ ቅንጣት እንደሆነ ይጻፉ። ከቀዳሚው ናሙና ጋር ሲነጻጸር አዲስ የመጣው የትኛው እንደሆነም ይጠይቁ፤ የአዲሱ ንብርብር መልእክተኛ ያ አዲስ ዓይነት ነው፣ ድርሻው ከመቶ አምስት ቢሆንም እንኳ።

አሁን ወደ ማይክሮስኮፑ ይምጡ። ስብርባሪዋን በወረንጦ ይዘው በመርፌ ጫፍ ይስበሩና አዲሱን ገጽ ከ20 እስከ 40 ጊዜ አጉልተው፣ መብራቱን ከጎን አስመትተው ይመልከቱ። የውጭው ገጽ በጭቃና በመሰርሰሪያው የተለሰነ ስለሆነ አይታመንም። ጥሩ ድንጋይ ሲሆን ቅንጣቶቹ እንደ ስኳር ያብረቀርቃሉ፣ በመካከላቸው ጥቁር ጥቁር ጉድጓዶች ይታያሉ፣ መርፌው ሲነካቸውም ቅንጣቶቹ አንድ በአንድ ይለቃሉ። ጠባብ ድንጋይ ሲሆን ገጹ ደረቅና ለስላሳ ይሆናል፤ ስብራቱም ቅንጣቶቹን ዙሪያቸውን ሳይዞር መሐል ለመሐል ቆርጧቸው ያልፋል። ይህ የመጨረሻው ምልክት በተለይ ሊታመን የሚገባው ነው፤ ስብራት የሚመርጠው ደካማውን መንገድ ነውና ቅንጣቱን ቆርጦ ካለፈ ቅንጣቶቹን ያጣበቀው ማያያዣ ከቅንጣቱ ያልተናነሰ ጠንካራ፣ ማነቆውም የተደፈነ ነው ማለት ነው። ከዚያ በደረቀችው ስብርባሪ ላይ አንዲት ጠብታ ውኃ ያኑሩ። ወዲያው ከጠጣችው ማነቆዎቹ ተያይዘዋል፤ ጠብታው እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ከቆየ ድንጋዩ ጠባብ ነው፣ ወይም በዘይት ጭቃ ተነክሯል፤ የኋለኛው ከሆነ ፈተናው አይሠራም። በሌላ ስብርባሪ ላይ አሥር በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያንጠባጥቡ፤ ፈልታ ከፈራረሰች ማያያዣው ካልሳይት ነበር፣ ሳትፈላ ሳትነቃነቅ ከቀረች ሲሊካ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ሁሉ ዕይታ ወደ ደረጃ የሚለወጠው ማነጻጸሪያ ሲኖርዎት ነው፤ ዓይን ያለ ማነጻጸሪያ በቀላሉ ይሸነገላል። አሳላፊነታቸው በቤተ ሙከራ የተለካ የድንጋይ ናሙናዎች ይፈልጉ፣ ቁራጫቸውን ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር እንዲሆን ይስበሩ፣ በትንንሽ ሳህኖች ላይ ለጥፈው የተለካውን ቁጥር ይጻፉባቸው። ፍርፋሪውን ሲያዩ ሳህኖቹን ጎን ለጎን እያስቀመጡ የቱን እንደሚመስል ይወስኑ። በኢትዮጵያ ለሚማር ወይም ለሚሠራ ሰው ጥሩ ምንጭ አለ፦ የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ከገደሉ ሥር ተገልጦ ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 በተገኘው በኦጋዴኑ የካሉብ መስክም ጋዝ ከያዙት ድንጋዮች አንዱ ይኸው ነው። ሆኖም ከገደል ላይ የሚወሰደው ድንጋይ ዝናብና ፀሐይ ማያያዣውን የበላው ስለሚሆን በጥልቀት ካለው ወንድሙ የበለጠ ያሳልፋል፤ ከተሸረሸረው ገጽ ገባ ብሎ መውሰድ ያስፈልጋል፣ እንደዚያም ሆኖ ማነጻጸሪያው የዓይን ማሠልጠኛ እንጂ የኦጋዴን ልኬት አይደለም።

ከዓይን ዕይታ ወደ ቁጥር ለመሻገር የኮዜኒና የካርማን ቀመር ይረዳል፤ አንዱ በ1927፣ ሌላው በ1937 የሠሩት ነው። የባዶ ቦታው ድርሻ በሦስተኛ ኃይል፣ የቅንጣቱ ስፋት በካሬ ይባዛሉ፤ ውጤቱ ለ180 እና ለጠጣሩ ድርሻ ካሬ ይካፈላል። ቅንጣቱ 0.2 ሚሊሜትር፣ ባዶ ቦታው 20 በመቶ ከሆነ 2,800 ሚሊዳርሲ ያህል ይወጣል፤ ባዶ ቦታው ወደ 10 በመቶ ቢወርድ 280 ገደማ። በተፈጥሮ ያለ፣ ማያያዣና ሸክላ የገባበት ድንጋይ ግን ከዚህ በብዙ ያንሳል፤ ቀመሩ የሚያስበው ንጹሕ ድቡልቡል ቅንጣቶችን ነውና። ስለዚህ የሚወጣውን ቁጥር ጣሪያ አድርገው ይያዙት፤ ድንጋዩ ከዚህ በላይ አያሳልፍም ማለት ነው። ከጣሪያው ምን ያህል እንደሚወርዱ የሚነግርዎት በማይክሮስኮፕ ያዩት ሸክላና ማያያዣ ነው። የቀመሩ ሌላ ጥቅም የትኛው ስሕተት ውድ እንደሆነ ማሳየቱ ነው፦ የቅንጣቱን ስፋት በእጥፍ ቢሳሳቱ ውጤቱ በአራት እጥፍ፣ 10 በመቶ የሆነውን ባዶ ቦታ 20 በመቶ ቢሉት በአሥር እጥፍ ይዛባል። የጉድጓዱ ሎግ፣ ማለትም ወደ ጉድጓዱ በሚወርድ መሣሪያ የተገኘ የልኬት መዝገብ፣ ካለ የባዶ ቦታውን ድርሻ ከዚያ ይውሰዱት፤ በዓይን አይገምቱት።

ቤተ ሙከራ ካለ ማነቆውን በቀጥታ መለካት ይቻላል። ሜርኩሪ በግፊት ወደ ስብርባሪዎቹ ሲገፋ የትኛው ግፊት የትኛውን ማነቆ እንደሚከፍት ይታወቃል። ሜርኩሪው 35 በመቶውን ባዶ ቦታ በሞላበት ቅጽበት ያለው የማነቆ ስፋት፣ ተመራማሪው ዊንላንድ ባገኘው ዝምድና፣ ከአሳላፊነትና ከባዶ ቦታ ድርሻ ጋር ይያያዛል። ባዶ ቦታው 15 በመቶ ሆኖ የማነቆው ራዲየስ 2 ማይክሮሜትር ከሆነ ዝምድናው 10 ሚሊዳርሲ ገደማ ይሰጣል፤ ራዲየሱ 0.5 ማይክሮሜትር ቢሆን 1 ሚሊዳርሲ ገደማ። ስብርባሪዎች ከትልቅ ናሙና ይልቅ ብዙ ሸካራ ገጽ ስላላቸው ሜርኩሪው ወደ ማነቆ ሳይገባ ገጹን በመሸፈን ብቻ የሚጠፋው መጠን አለ፤ ይህ ካልተቀነሰ ድንጋዩ ከእውነቱ በላይ ክፍት መስሎ ይወጣል። ሌላው መንገድ የፈረንሳይ ነዳጅ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በ2002 ያቀረቡት ነው፦ ፍርፋሪው ወፍራም ዘይት ውስጥ ይነከራል፣ በመካከሉ የታፈነ ጥቂት ጋዝ ይቀራል፣ ድንገት ግፊት ሲጨመር ጋዙ ይጨመቅና ዘይቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚገባ አሳላፊነቱን ይናገራል።

በዚህ ዘዴ ላይ የሚነሡት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያውና ከባዱ፣ ከመሰርሰሪያው ተርፎ የሚወጣው ጠንካራው ድንጋይ ስለሆነ ፍርፋሪ ሁልጊዜ ለጠባቡ ያደላል የሚለው ነው። እውነት ነው፤ በተለይ ፒዲሲ የሚባለው ባለ ሰው ሠራሽ አልማዝ ጥርስ መሰርሰሪያ ድንጋዩን አድቅቆ ሲልጠው ልል የሆነው የአሸዋ ድንጋይ ወደ ቅንጣት ይበተናል። ነገር ግን መበተኑ ራሱ ምስክርነት ነው። የቁፋሮው ፍጥነት በድንገት ጨምሮ፣ በናሙናው ውስጥ ልቅ ንጹሕ ቅንጣት በዝቶ፣ ጋዝ መለኪያውም ከፍ ካለ፣ ስብርባሪ ያጡበት ያ ሜትር ከሁሉ የተሻለው ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ ልቅ ቅንጣቶቹን በወንፊት ለክተው ክሩምባይንና ሞንክ በ1942 ለልቅ አሸዋ ባወጡት ቀመር ጣሪያውን ያስሉ። ለ0.2 ሚሊሜትር በደንብ የተበጠረ አሸዋ 15 ዳርሲ ገደማ ይወጣል፤ ይህ ያልታመቀ አሸዋ ቁጥር ነውና በጥልቀት ያለው ከዚህ በብዙ እንደሚያንስ አይዘንጉ። የሚሳሳተው ስብርባሪዎቹን ብቻ የሚያይ ሰው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስንጥቅና ዋሻ መሰል ቀዳዳን ይመለከታል፤ በዚህ ላይ መልስ የለኝም፣ ተቃዋሚው ትክክል ነው። ጉስ አርቺ በ1952 የኖራ ድንጋይን ቀዳዳዎች ሲመድብ የመጨረሻውን ምድብ ከስብርባሪው ራሱ ለሚበልጡ ቀዳዳዎች ሰጥቷል፤ እንዲህ ያለ ቀዳዳ በስብርባሪ ላይ የሚታየው ቢበዛ እንደ ጠርዝ ነው። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከዚህም ይብሳል። በአሉቶ ላንጋኖ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 ስምንት የእንፋሎት ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፤ በእንዲህ ያለ መስክ ፈሳሹ የሚሄደው በስንጥቅ ስለሆነ ፍርፋሪው ስለ ሙቀትና ስለ ማዕድን ለውጥ ብዙ ሲናገር ስለ አሳላፊነት የሚለው ጥቂት ነው። እዚያ መታየት ያለበት ጭቃው ወደ ስንጥቅ ገብቶ የጠፋበት ጥልቀት ነው። ስለዚህ በኖራ ድንጋይም ሆነ በባዝልት ውስጥ ሲሠሩ የፍርፋሪውን ግምት "ስንጥቅ ሳይጨምር" ብለው ይጻፉ፣ የጭቃ መጥፋት መዝገቡንም ከጎኑ ያስቀምጡ።

ሦስተኛው፣ ስብርባሪዋ ከላይዋ የነበረው ክብደት ተነሥቶላት ስለወጣች በጥልቀት ከነበረችው ይልቅ ትከፈታለች የሚለው ነው። የዚህ ስሕተት መጠን ከደረጃ ደረጃ ይለያያል። 100 ሚሊዳርሲ በሚያሳልፍ ድንጋይ ላይ ልዩነቱ አነስተኛ ሲሆን፣ ከ0.1 በታች በሆነው ላይ ግን በጥልቀት ያለው አሳላፊነት አሥር እጥፍ ያንስ ይሆናል። እንግዲህ ከፍተኛውን ደረጃ እንዳለ ይተዉት፤ ዝቅተኛውን አንድ እርከን ያውርዱት። ሎግ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ለሚል ሰው ደግሞ መልሱ አጭር ነው፦ የተለመዱት ሎጎች ባዶ ቦታን ይለካሉ እንጂ ማነቆን አያዩም፤ 15 በመቶ ባዶ ቦታ ያላቸው ሁለት ድንጋዮች በሎጉ ላይ እኩል ሆነው ሳለ አንዱ የሌላውን መቶ እጥፍ ሊያሳልፍ ይችላል። ልዩነቱን የሚያሳይ ኮር ከሌለ የቀረው ምስክር ፍርፋሪው ነው።

ውጤቱን ሲጽፉ አንድ አማካይ ቁጥር አይስጡ። ከስብርባሪዎቹ 20 በመቶው 100 ሚሊዳርሲ፣ 80 በመቶው 0.1 ሚሊዳርሲ ይመስላሉ እንበል። ድንጋዮቹ በአግድም የተነባበሩ ከሆኑና ፈሳሹ በንብርብሩ ርዝመት ከሄደ አማካዩ 20 ሚሊዳርሲ ነው፤ ሁለቱ እንደ ዶሮ ጥሬ ተደባልቀው ከተቀመጡ ግን በሎጋሪዝም አማካይ 0.4 ብቻ ይሆናል። ሃምሳ እጥፍ የሚለያዩ መልሶች ከአንድ ከረጢት ወጡ ማለት ነው፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ ደግሞ ፍርፋሪው አይናገርም፣ ቦታውን ትቶ መጥቷልና። ስለዚህ ከ0.1 በታች፣ ከ0.1 እስከ 1፣ ከ1 እስከ 10፣ ከ10 እስከ 100፣ ከ100 በላይ የሚሉ አምስት ዓምዶች ያስምሩና በየጥልቀቱ ከመቶ ምን ያህሉ ስብርባሪ በየትኛው እንደወደቀ ይሙሉ። ከዓምዶቹ ጎን የልቅ ቅንጣቱን ድርሻ፣ የቁፋሮ ፍጥነቱንና የጭቃውን ዓይነት ይጻፉ። ድንጋዮቹ ተነባብረው ይሁን ተደባልቀው የሚለውን ሎጉን የሚያነበው ባልደረባዎ ይጨምርበታል። ከእያንዳንዱ ናሙና ያልታጠበ አንድ ከረጢት ጥልቀቱንና የመውጫ ጊዜውን ጽፈው ያቆዩ፤ ከዚያው መስክ አንድ ቀን ኮር ሲወጣ፣ የተለካውን ቁጥር ከማየትዎ በፊት ያንን ከረጢት ከፍተው እንደገና ይገምቱና ሁለቱን ያስተያዩ። ዓይንዎ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያደላ ከሆነ የሚያርሙበት ልክ ከዚያ ይገኛል፤ የቀሩትን ጉድጓዶች ዓምዶችም በዚያው ልክ ያስተካክሏቸዋል።